ረሃብን ከሥሩ ያጠኑት መምህር ፈንታሁን አያሌው

መምህር ፈንታሁን አያሌው ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ባዬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩሰው ምስጋናው ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ከግሸን ተራራ ግርጌ ባለች የገበሬዎች መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብሩ የኔታ ዘንድ ሲሆን፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በውጫሌ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሐይቅ ተከታትለዋል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ትምህርታቸውን አቋረጠው። አባታቸው በመስከረም አረፉ። እናታቸው እርሳቸውንና ሕይወት የተባለች የዘጠኝ ዓመት እኅታቸውን ይዘው እህል ወደሚታደልበት ጣቢያ ወረዱ። ፈንታሁን የደረሳቸውን ስንዴ ቀቅለው እኅታቸውን እስክትጠግብ አበሏት። ልጅቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ስቃ ተኛች። በማግሥቱ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች። የጣቢያዋ ነርስ ሬሳውን አይታ «ብዙ ቀን ያልበላ ሰው እንዲህ አይመገብም፤ ግን ማን ነግሮህ ብዬ ልውቀስህ?» አለቻቸው። «ለምን?» ብለው ጠየቋት። ሰልፉ ረጅም ነበርና መልስ ሳትሰጣቸው ሄደች። መምህር ባዮሎጂ የተማሩት ለዚች ጥያቄ ሲሉ እንደነበር ለባለቤታቸው የነገሩት ከተጋቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1982 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቀው በውጫሌ ማስተማር ጀመሩ፤ በክረምት ትምህርትም ዲግሪያቸውን ያዙ። በ1987 ዓ.ም. ከወ/ሮ ወለላ አስረስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው አስረስንና ትርንጎን ወልደዋል።

በ2008 ዓ.ም. በአንድ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ቃል ምክንያት ከማስተማር ታግደው የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረጉ። እዚያ ሳሉ ነበር ሕዋስ ራሱን እንዴት እንደሚበላ ያጠና ጃፓናዊ ተመራማሪ መሸለሙን በሬዲዮ የሰሙት። ደሴ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያቸው ስለዚሁ ጥናት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጽሑፎችን አትሞ ላከላቸው። በመዝገበ ቃላት እየታገዙ ለማንበብ ሰባት ወር ፈጀባቸው።

የ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወደ ክፍላቸው መለሳቸው። በዚያው ሰሞን ወጣቶች እርሳቸውን የቀጣውን የቀድሞ ርዕሰ መምህር ከቤቱ አውጥተው ሊደበድቡ ተሰበሰቡ። መምህር በሩ ላይ ቆመው «የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልከስ እናንተ ከየት መጣችሁ? በሉ ወደ ክፍል!» አሏቸው። አንድ ድንጋይ ትከሻቸውን አገኛቸው፤ ከበሩ ግን አልተነሡም።

ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት እንዲህ ነበር። ሕዋስ በውስጡ ያረጀና የተበላሸ ነገር ሲያገኝ በስስ ከረጢት ይጠቀልለዋል፤ ከረጢቱን ላይሶዞም ወደሚባለው መፍጫው ያስገባዋል፤ የተፈጨውን መልሶ ለአዲስ ሥራ ያውለዋል። ይህ በጥጋብም ቀን ያለ ሥራ ነው፤ በረሃብ ጊዜ ግን ይበረታል። የሚያቆየው ደግሞ ለጊዜው ብቻ ነው። ረሃቡ ከረዘመ ስቡ ያልቃል፤ ቀጥሎ ደህናው ጡንቻ ይፈርሳል፤ ልብም ጡንቻ ነው። እንዲህ የከሳ ሰው በአንድ ጊዜ ከጠገበ በደሙ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ጨዋማ ማዕድናት ወደ ሕዋሳቱ ይሸሹና ልብ መምታቱን ሊያቆም ይችላል። ነርሷ ያልመለሰችላቸው መልስ ይህ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውጫሌ ደረሰ። ወ/ሮ ወለላ ከልጆቻቸው ጋር በመጨረሻው መኪና ወጡ። መምህር ግን እናታቸው የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት ነበሩና ጥለዋቸው መሄድ አልቻሉም። ጎረቤታቸው አቶ ማህዲ አብዱልመናንም የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሀያን ይዘው ቀርተው ነበር፤ የሀያ እናት መስኡዳ በጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አራቱ ከአምባሰል ገደል ሥር ባለ ዋሻ ተደበቁ። አሮጊቷን ሁለቱ ሰዎች በቃሬዛ ነበር ያወረዷቸው።

የያዙት በሶ በኅዳር አጋማሽ አለቀ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው የምንጭ ውኃና የተቀቀለ ሳማ ነበር። አንድ ቀን ሀያ «አባባ መምህር፣ ሳንበላ እንዴት ነው የማንሞተው?» ብላ ጠየቀቻቸው። መምህር ለተማሪዎቻቸው የሚሉትን ነገሯት፤ ሰውነት ያረጀውን እያፈረሰ ደህናውን እንደሚያቆይ። ሀያ ጥቂት አሰበችና «ያረጀው ሲያልቅስ?» አለች።

ወ/ሮ ጥሩሰው ጥጉ ላይ ተኝተው ይሰሙ ነበር። «እንግዲያ እዚህ ውስጥ ያረጀሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርሻቸውን ወደ ልጅቱ ገፉ። መምህር በእግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው፤ «እማዬ፣ እንዲያ ለማለት አይደለም፤ እባክሽ ጉረሺ» አሉ። እናታቸው አፋቸውን አልከፈቱም። ኅዳር 27 ቀን አረፉ። ካህን አልነበረም። አቶ ማህዲ በእንጨትና በእጃቸው ጉድጓድ ቆፈሩ፤ መምህር የሚያውቁትን ያህል ከመዝሙረ ዳዊት ደገሙ። ያን ቃል ለልጅቱ በመናገራቸው መምህር እስከ ዕለተ ሞታቸው ራሳቸውን ይቅር አላሉም።

ታኅሣሥ ሲገባ የተኩሱ ድምፅ ራቀ። አቶ ማህዲ ወደ መንደር ወጥተው ከአንድ ከተቃጠለ ቤት ማሽላ አገኙና ትልቅ ድስት ንፍሮ ቀቅለው መጡ። ሀያ በዚያን ጊዜ መቆም ተስኗት ነበር። እጇን ወደ ንፍሮው ስትሰድ መምህር ድስቱን ነጠቋት። አቶ ማህዲ ዱላቸውን አነሡ።

«ልጄ እየሞተች እህል ትከለክላታለህ? ወላሂ፣ አንተ ሰው ነህ?»

«ምታኝ» አሉ መምህር። «እኔ አንዴ አጥግቤ ቀብሬአለሁ። የአንተን ልጅ አልቀብርም።»

አቶ ማህዲ ዱላውን ጥለው ተቀመጡና አለቀሱ። መምህር ንፍሮውን በድንጋይ ፈጭተው ቀጭን አጥሚት ሠሩ፤ በማንኪያ እየለኩ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት አጠጧት። በአራተኛው ቀን ወተት ተገኘ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሀያ ቆማ ሄደች። የልጅቱን ማንኪያ ሲቆጥሩ የራሳቸውን የቆጠረላቸው ግን አልነበረም።

ወደ ውጫሌ ሲመለሱ የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ተዘርፎ፣ መስኮቱ ረግፎ አገኙት። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የተራበ ሰው እንዴት እንደሚመገብ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በመስጊዱ በርና በቀበሌው ግድግዳ ላይ በእጃቸው ለጠፉ። ከየጫካው የሚመለሱ ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ አዩ። ከመካከላቸው የዳኑ አሉ። ዘመድ አዝኖላቸው አብዝቶ ያጎረሳቸውና የሞቱም አሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እግራቸው ማበጥ፣ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሻቸው ማጠር ጀመረ። ደሴ የመረመሯቸው ሐኪም ልባቸው መድከሙን ነገሯቸው። መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. አስተማሩ።

በየካቲት ወር ሕመማቸው ሲጠና ወደ ደሴ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ በግጭት እንደገና ተዘግቶ ነበር። በ18ኛው ቀን ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ተከፈተ ተባለና አቶ ማህዲ መኪና ይዘው መጡ። መምህርን ደግፈው ሊያስገቧቸው ሲሉ ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ከገጠር ደረሱ። መኪናዋ ሁለት የተኛ ሰው አትይዝም ነበር። ወ/ሮ ወለላ የባለቤታቸውን ክንድ አጥብቀው ያዙ። መምህር ሴትዮዋን አዩ፤ ከዚያም ባለቤታቸውን። «ወለላዬ፣ የእኔን ልብ እኔ አውቀዋለሁ፤ አስገቧት» አሉ። መኪናዋ ሄደች። በዚያው ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መምህር ፈንታሁን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወለላን፣ ልጆቻቸውን አስረስንና ትርንጎን፣ ወንድማቸው ያህል የነበሩትን አቶ ማህዲን፣ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር የቆመችውን ሀያንና ቁጥራቸውን የማናውቃቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ሴትዮዋ ስሟን ሳንጠይቃት ነው የሄደችው። ሆስፒታል ትድረስ አትድረስ ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ አልሰማንም። እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ እርሷንም ባለችበት በሰላም ይገላግልልን። አሜን።