ቋሪት ስንት ዙር ነው?

ጥር 16 ቀን 2003

ሰኞ። አምስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ዘጠነኛ "ሐ" ኬሚስትሪ ሲባል ያንቀላፋል፤ ዛሬም አንቀላፋ። ስመለስ ሽንኩርትና ሽሮ ገዛሁ። ውኃ መጥቶ ነበር፣ ጄሪካኖቹን ሞላሁ።

አማቴ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ አሁንም እኔ ጋ፣ ፍኖተ ሰላም ናቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ተገፎ፣ ለክትትል ብለው ነበር ከቡሬ ገጠር የመጡት። አሁን በዘመቻ እየመጡ የሚያክሙት ሐኪሞች "ግራው በሐምሌ" ስላሉ ወንዳወቅ በስልክ ወሰነ። "እስከዚያ እዚያው ይቆዩ፣ ገጠር ጭስ አለ።" ባሌ ምን አለበት? እሱ አሶሳ መንገድ ይቀይሳል። አንድ ክፍል ቤት ከእናቱ ጋር የምጋራው እኔ። ምን እንደምናወራ እንኳ አናውቅም። እሳቸው ይጸልያሉ፣ እኔ ፈተና አርማለሁ።

ባምላኩ፣ የኮምፒውተር መምህሩ፣ ወንዳወቅ ትቶልኝ በሄደው ላፕቶፕ ላይ አንድ ጨዋታ ጫነልኝ። "የጠፈር ነው። ብቸኝነት ያስረሳሻል።" ብቸኛ ነኝ ያለው ማነው?

ጥር 17

ከፈትኩት። ጥቁር ሰማይ፣ የኮከብ ብዛት፣ የኔ የተባለች አንዲት ፕላኔት፣ ሁለት መንኮራኩር። አንዷ ለመቃኘት፣ አንዷ ሰፋሪ ለመጫን። እንደ መኪና የሚነዳ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ትእዛዝ ይሰጣል፣ "ቀጣይ ዙር" የሚለው ይጫናል፣ ዓመት ያልፋል። ደግሞ ትእዛዝ፣ ደግሞ ዙር። ቀርፋፋ ነው። ግን ያምራል። ሙዚቃው ሆድ ያባባል።

ጥር 20

ሰፋሪዎቼ ሁሉ አለቁ። አራት ፕላኔት ባንድ ጊዜ ያዝኩ፤ እህል የምታበቅለው አንዷ ብቻ ነበረች። ለራሴ ማስታወሻ... ቃኚዋን አስቀድሞ መላክ። በዙሪያ ያለውን ኮከብ ሁሉ ሳያዩ ሰው አለመጫን። አዲሷ ፕላኔት ራሷን ሳትችል ሌላ አለመያዝ።

እማሆይ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኝ ነበር ለካ።

"ያ የሚያበራው ምንድን ነው ልጄ?"

"ኮከብ ነው እማሆይ። ጨዋታ ነው።"

"ሰው አለበት?"

"ነበረበት። ተርበው አለቁ።"

"ምነው፣ ጎተራ ሳትሠሪ ታሰፍሪያለሽ?"

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። በዚህ ቤት አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ጥር 25

አሁን ዱካቸውን አጠገቤ አድርገው ይቀመጣሉ። ከትምህርት ቤት ስገባ "ነጋዴዎቹ ደረሱ ይሆን?" ይሉኛል፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።

ዛሬ ጎረቤት አገኘን። ቀንድ ያላቸው፣ አረንጓዴ ፊት።

"ክርስቲያን ናቸው?"

"አይመስለኝም እማሆይ።"

"ይሁን። ጎረቤት ናቸው፤ ሰላም በያቸው።"

ውል ተዋዋልን። እማሆይ ልክ ነበሩ፤ ድንበሩ ጸጥ አለ፣ ብረታቸውን በእህል ለወጡን። ሌላው ምክራቸው ግን ጉድ አድርጎኛል። "ምርምር ምን ያደርጋል፣ እርሻውን አስፊ" ብለው ስሰማቸው በዕውቀት ወደ ኋላ ቀረን። ሁሉን አለመስማት። ወይም ሰምቶ ትንሽ ማጭበርበር...

ለፕላኔቶቹም ስም አወጡ። የመጀመሪያዋ ቡሬ። ሁለተኛዋ ፍኖተ ሰላም፣ ለኔ ሲሉ። ራቅ ያለችውን "ይቺ ብርድ ናት" ስላቸው "እንግዲያው ቋሪት ትባል" አሉ። "እህቴ እዚያ ናት።"

የካቲት 3

ጨዋታ አልከፈትንም። እማሆይ አወሩ።

ታላቅ እህታቸው እህተ ማርያም ቋሪት ውስጥ፣ ከገብዘ ማርያም ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ፣ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። የሁለቱም ዓይን በየፊናው ደከመ። "መጨረሻ የተገናኘን ጊዜ ተዳብሰን ነው የተሳሳምነው" አሉኝ። "እሷ ፊቴን በእጇ ፈለገችው፣ እኔም የሷን። አሁን በአንዱ አያለሁ። እሷ ባታየኝም እኔ ልያት። ጾሙ ሳይገባ አድርሺኝ፣ ልጄ።"

ሩቅ አይደለም። በጅጋ በኩል መኪና አለ፣ ከዚያ በእግር። ብቻቸውን ግን አይችሉም። የቡሬው ልጃቸው ዘሩ ከእርሻው አይላቀቅም።

"በሚመጣው ቅዳሜ እንሄዳለን" አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

የካቲት 12

ቅዳሜ። አልሄድንም። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ነበረብኝ፤ እሱ እውነት ነው። ዛሬ ግን "የማርመው ፈተና አለ" አልኳቸው። ሐሙስ ጨርሼዋለሁ።

ለምን ዋሸሁ? ደክሞኝ ነበር። በአይሱዙ ላይ መንገጫገጩ፣ ዳገቱ፣ የማላውቀው የባል ዘመድ ቤት። ደግሞ ወንበዴዎች ወደ ፕላኔታችን እየመጡ ነበር... ይኼን ስጽፍ አፈርኩ።

እማሆይ አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር። "ሥራሽን ሥሪ" ብለው አጣጥፈው መለሱት። ከሰዓት በኋላ አብረን ተጫወትን።

የካቲት 29

ጾም ከገባ ወዲህ ጦርነት ተከልክሏል። እውነቴን ነው። ወንበዴዎቹ መጥተው "ተኩሺ" የሚለውን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ።

"በሁዳዴ ደም አታፍስሺ።"

"እማሆይ፣ ፕላኔቷን ይወስዷታል።"

"ይውሰዷት። መሬት ነው።"

ወሰዷት። ሌላም ጨመሩ። በሳቅ ሞትን። ማስታወሻ... ሰላም ቢወዱም ሁለት ጠባቂ መንኮራኩር አስቀድሞ መሥራት፤ ወንበዴ የጾም ቀን አይቆጥርም።

ስለ ቋሪት እኔው አነሳሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ያን ዳገት አይችሉትም፣ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል አልኩ። "አንቺ ካልሽ" አሉ። ምክንያቱ ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ ነው ያስደሰተኝ...

መጋቢት 20

መብራት የለም። በረንዳ ላይ ተቀመጥን። በልጅነታቸው እህተ ማርያም ለገበያ ስትሄድ ተደብቀው ሲከተሏት፣ እሷ ኋላ ዞር ሳትል "ፍጠኚ፣ ትቀሪያለሽ" ትላቸው እንደነበር አጫወቱኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያጫወተኝ ሰው የለም።

ሚያዝያ 29

ፋሲካ አለፈ። ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ባለፈው የወንዳወቅ ባልደረባ ሠርግ ነበር። ዛሬ ምንም አልነበረም። ምንም አላልኩም፣ እሳቸውም አላሉም። ጨዋታውን ከፈትኩ።

መንኮራኩር እየላክሁ ሳለ ጣታቸውን ወደ ዳር ዘረጉ።

"ቋሪት ስንት ዙር ነው?"

"ሦስት ዙር ነው እማሆይ።"

"ቅርብ ነው እኮ።"

"አዎ፣ አዲሱን ሞተር ስለሠራን ነው" አልኩ። እንዴት እንደሚሠራም አስረዳኋቸው።

አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ። እሳቸው ስለ ሞተር አልጠየቁኝም። ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ከሚቀጥለው ቅዳሜ አናልፍም።

ግንቦት 26

ዝናቡ ቀድሞ ገባ። የወር መጨረሻ ፈተና፣ ውጤት ማስገባት፣ እኔም ጉንፋን... መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። አንዱ ሾፌር "እስከ ገብዘ ማርያም እንደ ምንም እንገባለን። ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ካልሆነ... አሮጊት ይዘሽ? ተዪው" አለኝ።

"መስከረም ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ። ያኔ ሁለቱም ዓይንዎ ያያል" አልኳቸው።

"እሺ።"

ብዙ ቢሉኝ በወደድኩ።

ሰኔ 7

ክንዱ፣ የእህተ ማርያም ልጅ፣ በዕረፍት ሰዓት ደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል።

"እትዬ ምሥራቅ፣ እናቴ ዐረፈች። ዛሬ ቀበርናት። ላክስቴ እንዳትነግሪ፤ መርዶውን ጧት ከሰው ጋር ንገሯት።"

ጎረቤታችንን ቄስ ኪዳነ ማርያምን ለመንኩ። ንጋት ላይ ሰው ሰብስበው ይመጣሉ። እስከዚያ ፊቴን ምን ላድርገው? ገባሁ። እማሆይ ዱካቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል።

"ዛሬ አትከፍቺውም?"

ከፈትኩት። ፊቴን እንዳያዩት ስል ከፈትኩት። ስክሪኑ አይታየኝም ነበር። እህል የጫነችውን መንኮራኩር ወደ ባዶ ቦታ ላክኋት።

"ልብሽ የለም ዛሬ" አሉኝ። "ራስሽን አሞሻል? ተይው፣ ተኚ። እኛ የት እንሄዳለን።"

ሰኔ 8

ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሰውን ሲያዩ ገባቸው። "ማናቸው?" ብቻ አሉ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ነገሯቸው።

አልጮኹም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ትናንት ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ እማሆይ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው አላዩኝም።

ሰኔ 10

ቋሪት ነን። ደረስን። መንገዱ ክፉ ነው፣ ግን ያስኬዳል። እስከ ገብዘ ማርያም አይሱዙ፣ ከዚያ ክንዱ በቅሎ ይዞ ጠበቀን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በጭቃው ከኋላ። በክረምት ይህ ከተቻለ በየካቲት ምን ነበር? በሚያዝያ?

የክንዱ እህት ደስታነሽ የኔን ጥፋት አታውቅም፤ ስታለቅስ ሁሉን ነገረችኝ። ወንዳወቅ በየካቲት ደውሎ እማሆይ እንደሚመጡ ነግሯቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እህተ ማርያም አልጋዋን ወደ በር አስዞረች። ውሻ በጮኸ ቁጥር "ወለቴ ናት?" ትል ነበር።

እኔ ነኝ ለወንዳወቅ "ቅዳሜ እንሄዳለን" ያልኩት። አለመሄዳችንን አልነገርኩትም።

ለቀስተኛው ሲሰበሰብ እማሆይ ተነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ሁሉም ሰማ።

እቴ ምነው ሄድሽ ዓይኔ በበራበት፣
ኮከብ ስቆጥር ውዬ ፀሐይ ጠለቀበት።

ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ። ኮከቡን የሕመም ሌሊት አድርገው ነው የሰሙት። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። "ውዬ" አሉ። እኔን አላሉም። በራሳቸው ላይ ነው ያደረጉት። እሱ ነው የገደለኝ።

ሰኔ 14

ብቻዬን ተመለስኩ። "እስከ አርባዋ እዚህ ልሁን" አሉ። ዱካቸው አሁንም ከጠረጴዛው አጠገብ ነው። አላነሳሁትም።

ሰኔ 19

ባምላኩ "የት ደረስሽ? የጠፈሩን ማዕከል ያዝሽው?" አለኝ። ጓደኛው ሊጀምር ስለሆነ ምክር እንድጽፍለት ፈለገ። ምን ልጻፍ? ቃኚ አስቀድም። እህል አስቀድም። ጎረቤትን ሰላም በል... ይኼን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት።

ሐምሌ 11

ሐኪሞቹ መጥተዋል። ወንዳወቅ "እናቴን አምጪልኝ" አለ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። "አንቺ እኮ እንደ እናትሽ ነበር የያዝሻት" አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ለደስታነሽ ደወልኩ፣ ስልኩን ሰጠቻቸው።

"እማሆይ፣ የግራው ቀጠሮ ደርሷል። ልምጣና ልውሰድዎ።"

"ለማን ብዬ?"

ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ያለ ቁጣ። "አንዱ ለመንገዴ ይበቃኛል። ሐኪሞቹን አመስግኚልኝ።" ስልኩን ለደስታነሽ መለሱላት።

መስከረም 20 ቀን 2004

ቅዳሜ። ማንም ሳያዘኝ ሄድኩ። ጭቃው ደርቋል፣ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል። ሳላርፍ ደረስኩ።

እማሆይ ከደጅ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። እዚያው ከደስታነሽ ጋር ቀርተዋል፤ ቡሬም አልተመለሱም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በሁለት እጃቸው ቀና አደረጉኝ።

"ምን ሆኑ? ይነሡ እንጂ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።"

መጀመሪያ ከኋላዬ ሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ቁርበት አንጥፈው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። እጄን ራሳቸው አስታጠቡኝ። "ይብሉ፣ ምነው እጅዎ አጠረ? ጠላው ቀጭን ነው፣ አይፍሩት።" የወንዳወቅን ደኅንነት ጠየቁ፣ የትምህርት ቤቱን ጠየቁ፣ የአዝመራውን አወሩልኝ። አንድም ክፉ ቃል የለም። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር "ኧረ ምን አድርገውኝ" ብለው ሳህኑን አስጠጉልኝ።

ደስታነሽ መሳቅ ጀመረች። "አክስቴ፣ የማን ትልቅ ሰው መሰለችሽ? ምሥራቅ እኮ ናት።"

"አውቃቸዋለሁ" አሉ እማሆይ። "ዓይኔ ደህና ያያል።"

በላሁ። አመሰገንኩ። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ብርድ ነበር፣ አልመለስም አሉ።

"ስለ እኔ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ ደከሙ" አሉኝ። "እግዜር ይስጥልን። በደህና ይግቡ።"