በሙዳይሽ የጾሙት ክኒኖች

እማምዬ፣ የኔ ሸጋ፣

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ ካለሽበት መከፋት የለም። ከተለየሽን ይኸው አራት ፋሲካ ሆነ። ዛሬ ደስታዬን ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ አልበቃ ቢለኝ፣ ላንቺም ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤታችን ደኅና ነው። ቆርቆሮ አልብሰነዋል፤ ዝናብ ሲመጣ መደማመጥ ቀረ እንጂ ያምራል። በጎችሽም ረብተዋል። እኔ ደግሞ ደም ብዛትሽን ወረስኩልሽ! ሌላ የምትተዪልኝ አጣሽ? ለጉንፋን ብዬ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነው የተገኘብኝ። ምንም አላመመኝም እኮ ብላት፣ ነርሷ “ጎማስ ሳይፈነዳ መቼ ይጮኻል?” አለችኝ። ክኒኑ በየቀኑ ነው፣ ተሻለኝ ተብሎ አይተውም፣ ጨውም ይቀነስ አለች። አማችሽ ሽሮዬን ቀምሶ “ይሄ ወጥ ነው ጠበል?” ይለኝ ነበር፤ አሁንማ ለምዶት ሳህኑን ይጠርጋል።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ፈራሁ። ትዝ ይልሻል፣ ክኒን መዋጥ ጾም መግደፍ ነው ብለሽ፣ ለኛ ሳትነግሪ በፈትል ሙዳይሽ ደበቅሽው። ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው እንዝርትሽን እንደያዝሽ ወደቅሽ። ከቀብርሽ በኋላ ሙዳዩን ብከፍተው፣ ክኒኖቹ ከጥጡ ሥር ሳይነኩ ተቀምጠዋል። እነሱም ካንቺ ጋር ጾመው!

ልዋጥ ወይስ ልተው ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። በመጨረሻ እንዳንቺ ብቻዬን አልወሰንኩም፤ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኋቸው። ምን አደረጉ መሰለሽ? ከጋቢያቸው ሥር የክኒን ብልቃጥ አውጥተው አንቃጨሉብኝ። “እኔስ ይህን ደም ብዛት ይዤ እስካሁን በምን የቆየሁ መሰለሽ፣ ልጄ? መድኃኒት ምግብ አይደለም። በውሃ ዋጪና ጾምሽን ቀጥዪ” አሉኝ። ሳቅሁም፣ አለቀስሁም። በየወሩ ቤታችን ገብተው ጠበል ሲረጩሽ፣ ምናለ አንድ ቃል ብትጠይቂያቸው ኖሮ!

ይኸው ሁዳዴን ጾሜም ውጬም ፋሲካን አየሁ። ዛሬ ስለካ ግፊቴ ወርዷል! ነርሷ እንኳ “እንዲህ ነው እንጂ የመንዝ ሴት!” ብላ አጨበጨበችልኝ። ወርዷል ብዬ ግን አልተውም።

የወር መድኃኒቴን የማስቀምጠው በዚያው ሙዳይሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ስምሽን ሳልጠራ አልውጥም። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ፣ ቃሌ ነው እማምዬ፣ ከጥጡ ሥር አንዲት ፍሬ አታገኚም።

ያቺው ለፍላፊዋ ልጅሽ