ለሐኪም የነገርኳቸው ሦስት ስሞች

ለተከበሩ የጫማ ፋብሪካው የሕግ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እጅዎም ብዕር ለመጨበጥ የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የኔ እጅ አልታዘዝ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ እየተናገርኩ የጻፈችልኝ አስተማሪዋ ጎረቤቴ ናት። በፋብሪካዎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ማስቲሽ ሳማስል የኖርኩት፣ ባልደረቦቼም «ማስቲሿ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ምናልባት ከክስ መዝገቡ ያስታውሱኝ ይሆናል።

አንደኛ፣ ጣሳ ከእጄ እየወደቀ ስላስቸገረ በተሰናበትኩ ዕለት ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ የምስክር ወረቀት መቀበያ ነው ብሎ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ፤ ጣቶቼ እስክሪብቶውን አልይዝ ቢሉኝ እጄን ደግፎ አስፈረመኝ። የፈረምኩት የምስጢር ጥበቃ ውል መሆኑን ያወቅሁት ከእርስዎ ክስ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ለእጄ መደንዘዝ የሄድኩበት ሐኪም ምን ስትነኪ ኖርሽ ብሎ ሲጠይቀኝ በማስቲሹ በርሜል ላይ ያነበብኳቸውን ሦስት የኬሚካል ስሞች ነገርኩት። እሱም የዋህ ሰው ነውና፣ መጠናቸውን እንድትገልጹለት በአክብሮት ለፋብሪካው ጻፈ። መልሱ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ የመጣው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ ከብዙ መሥሪያ ቤት አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ዳኛው ለሐኪሙ ምን እንዳልኩት እንድናገር ሲያዙኝ አፌን ከመክፈቴ ጠበቃዎ ብድግ ብለው፣ እዚህ ከተናገረች ምስጢሩ ዳግም ይወጣል ሲሉ ተቃወሙ። ዳኛውም ባልሰሙት ቃል ፈረዱብኝ። ጠበቃ አልነበረኝም፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ቆቡን ሲያሻሽ ዋለ። ለማንም፣ ለቤተሰቤም ጭምር፣ ስለ በርሜሉ አንዲት ቃል ብተነፍስ እንደምታሰር ተነገረኝ። ከሕክምና ካርዴ ላይ ስሞቹ የተጻፉባት ገጽ ተገንጥላ በታሸገ ፖስታ ወደ እናንተ ሄደች። ሐኪሙ ቀሪውን ካርድ አገላብጦ አገላብጦ፣ «እህቴ፣ ከእንግዲህ የማክምሽ በግምት ነው» አለኝ።

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዘንድ ሄድኩ፤ እሱም ያንኑ ወረቀት ፈርሟል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ቢሆን ስሞቹ ካልተገለጹ ጉዳቱን መመርመር አይቻልም፣ እንዳይገለጹ ደግሞ ታግዷል ብሎ መለሰኝ። ሁሉም በትሕትና ነው የሸኙኝ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። የልጄን ፀጉር መሥራት ትቻለሁ፤ የሹራቤንም ቁልፍ ጠዋት ጠዋት የምትቆልፍልኝ እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት ይረፍድባታል።

በዚህ ደብዳቤም ሦስቱን ስሞች እንዳላነሳሁ ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

የፋብሪካዎን ምስጢር በሁለት በደነዘዙ እጆች ይዤ የቀረሁ፣
የቀድሞ ሠራተኛዎና የዘወትር ተከሳሽዎ

ተጨማሪ፦ ታናሽ እህቴ እኔ በለቀቅሁት ቦታ መቀጠሯን በደስታ ነገረችኝ። አትሂጂ አልኳት። ለምን ብትለኝ፣ መልሱ የእርስዎ ንብረት ነውና ዝም አልኩ። ፋብሪካው የእጄ ሕመም ከተፈጥሮዬ እንደሆነ ነግሯታል። እሷም፣ «እትዬ፣ አንቺ ትቀኚብኛለሽ ብዬ አስቤ አላውቅም» አለችኝና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። እርስዎ ግን እንዳይናገሩ የከለከለዎት ፍርድ ቤት የለም። ሰኞ ጠዋት በቢሮዎ ደጃፍ ስታልፍ ያገኟታል፤ ማን እንደሆነች መጠየቅ አያስፈልግዎትም፣ ቁርጥ እኔን ናት።