ሳር ይዘን ቢሮ የሄድን ቀን

ለወንድሜ ለሸዋንዳኝ፣ ሽሮ ሜዳ

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ሽመናው ላይ ሳትነሣ አትዋል ብዬህ ነበር፤ እንደማትሰማኝ ግን አውቃለሁ። ባለቤትህ ማህደርስ፣ ሳሉ ለቀቃት? አቡሽዬስ አክስቱን ይጠይቃል? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ ደህና ነኝ ስልህ እውነቴን ነው።

ያን ቀን «ዩኒቨርሲቲው ሊያባርረኝ ነው» ብዬ አልቅሼ ስልኩን ዘጋሁብህ። አንተ ምን አጠፋሽ እንኳን ሳትለኝ «ነይ፣ ቤትሽ ነው» አልከኝ። ማህደርም ወዲያው አቡሽ አልጋውን እንደለቀቀልኝ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ነኝ፣ እጽፍልሃለሁ» ብዬ ዝም ያልኩት ድምፅህን ስሰማ እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው። አሁን ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ሁሉንም ልንገርህ።

የሒሳብ ፈተና ወደቅኩ። መምህርት ረይሐና ወረቀቴ ላይ «ቢሮ መጥተሽ አነጋግሪኝ» ብለው ጻፉበት። ጨንቻ ስንማር ቢሮ መጠራት ምን እንደነበር ታውቃለህ፤ ወላጅ ሳያመጡ መግባት የለም። የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሌላ ይሁን ያው፣ ከቤታችን ቀድሞኝ የገባ ስለሌለ ማንን ልጠይቅ? እማዬን ላለማስደንገጥ ሲቀላ ገበያ ጋቢ ወደሚሸጡት ወደ አባባ ባልንጀራ፣ ወደ ጋሽ ኃይለመስቀል ሄድኩ።

«ልጅ አጥፍታ ብቻዋን አትቀርብም» አሉና ሱቃቸውን ዘግተው ሌላ ሽማግሌ ጨመሩ። እንደ ወጋችን ለይቅርታ የሚያዘውን እርጥብ ሳርም ከመንገድ ዳር ነጩ። የግቢው ጥበቃ የአገራችን ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ሳሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ አሳለፋቸው። ተማሪው ሁሉ ቆሞ ሲያየን እኔ ከኋላቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቢሮ ገብተው ሳሩን እንደያዙ ተንበረከኩ። «አጥፍታ ከሆነ ለእኛ ብለው ይማሯት፤ ብቻ አያባርሩብን» አሏቸው። መምህርት ረይሐና ደንግጠው ከጠረጴዛቸው ወጡና እሳቸውም አብረው ተንበረከኩ። «ኧረ አባቴ፣ ማን ሊያባርራት? የጠራኋት ላስጠናት ነው» አሉ። ለካ ከቤተሰባቸው መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ልጆች ረቡዕ ረቡዕ እየሰበሰቡ ያስጠናሉ፤ ግራ የገባንን ሁሉ፣ ለየትኛው ጉዳይ ማን ጋ እንደሚኬድ ጭምር ያሳያሉ። ሦስቱም ተያይተው ሳቁ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ኃይለመስቀል በጋሞኛ «በይ ያልገባሽን ጠይቂያቸው» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። አባባ ሲሸምን ዳር ቆመን በዓይናችን ነው የተማርነው፤ ትልቅ ሰው ሥራ ላይ እያለ መጠየቅ ነውር ነበር። ያን ቀን ግን ጠየቅኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል አንዱም ሳይገባቸው እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ከካምባ የመጣችው የመኝታ ክፍሌ ልጅ ሰሊሆም ትናንት እንደኔው ቢሮ ተጠርታ ሻንጣዋን ስትሸክፍ ደረስኩ። ቤቷ ውስጥ ፊደል የቆጠረ እሷ ብቻ ናት። እጇን ይዤ ወሰድኳት። ሳር አልያዝኩም፤ ሽማግሌዋ ግን እኔ ነበርኩ።

ማህደርን አደራ፣ ብርዱ ላይ አትውጣ በላት። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ወንድም ጋሼ፣ እኔ እንድማር ብለህ ከስምንተኛ ክፍል ወጥተህ ሽመና ገባህ፤ «ነይ» ስትለኝ ግን ይህን አንድም ቀን አላነሳህብኝም። አቡሽዬን ሳምልኝና አልጋው ላይ ተመልሶ ይተኛ በለው። አልመጣም።

እህትህ አገኘሽ
አርባ ምንጭ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.