የእታገኝ በጎች

ፃግብጂ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማንጠግቦሽ፤

እንዴት ከርመሻል? በጥቅምት «ሪያድ ገባሁ» ካልሽኝ ወዲህ ስልክሽ አይነሳም። ትግስት ለቤት ሠራተኝነት ወደዚያው ስለምትመጣ፣ የአገራችንን ልጆች ጠያይቃ እንድታደርስልሽ ይህን ሰጠኋት። ራሴ ነኝ የሞነጫጨርኩት፤ በፊደሌ አትሳቂብኝ።

አምና የበግ ማድለቢያውን ብድር ለጉዞሽ ብለሽ ለደላላ ከሰጠሽ በኋላ፣ የብድር ሠራተኛው በጎቹን ሊያይ የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል? ጎረቤታችን እታገኝ አራት በጎቿን አዋሰችን፤ በእኛ ጓሮ አሰርናቸው፤ እሱም ቆጥሮ ጻፈ። ሲሄድ እየሳቅን መለስንላት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጸበል ገብታለች» እያልኩ ከረምኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

ሐሙስ ዕለት ሠራተኛው ተመልሶ መጣ። እርስ በርስ ዋስ ሆነው አብረውሽ በቡድን የተበደሩትን አራቱን ሴቶች ሰብስቦ፣ «የእሷን ዕዳ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ አለዚያ የዘር ብድራችሁን እርሱት» አላቸው። ወረቀቱን ገልጦ ደግሞ፣ «በጎች አሏት እኮ! አይቻቸዋለሁ፤ አንዷ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው» አለ። ጆሮ ስንጥቋ በግ ከእታገኝ ደጅ ታስራ ትታያለች።

«ለካ አንቺ ጋ ነው የደበቀቻቸው!» ብላ ከአራቱ አንዷ እታለም እታገኝ ላይ ጮኸችባት።

እታገኝ እኔን አየችኝ። ብትናገር የምዋረደው እኔ ነኝ፤ ዝም ካለች በጎቿ ለዕዳሽ ቅዳሜ ሰቆጣ ገበያ ሊወጡ ነው። ልጆቿን የምታበላው በእነሱ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ «ይሸጡ» አለች።

ልጄ፣ ይህን መቻል አቃተኝ። ተነሳሁና፣ «በጎቹ የእታገኝ ናቸው፤ ያን ቀን በጓሯችን ለዓይን ያሰርናቸው እኔና ልጄ ነን። ልጄም ጸበል አይደለችም» አልኩ። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አዋረድኩሽ፤ ይቅር በይኝ። በማግስቱ በሬያችንን ቦራን ሸጬ ዕዳሽን ዘጋሁ። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ፤ አልራብም። ብር አትላኪ። ለእታገኝ ግን ይቅርታ ይገባታል፤ እሱን በራስሽ አፍ ንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሠራተኛው፣ «እማማ፣ ታዲያ ልጅዎ የት ናት?» ሲለኝ፣ «ሪያድ ናት፤ ደኅና ናት» ብዬዋለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኩት፤ ይቺን ቃሌን ውሸት አታድርጊብኝ።

ማርያም በሄድሽበት ትቅደምልሽ።

እናትሽ አልጣሽ