በአባባ ስም የቀረ ቤት

ሰኞ፣ ጥር 18
ዛሬም መዝገብ ቤት። ከነጃት ጋር፣ የወንድሜ የኢብራሂም ልጅ። እሱ ከሞተ ወዲህ የቤቱን ካርታ በስሟ ለማዞር እንመላለሳለን። ፋይሉ የለም። ምናልባት አግብቶ ወጥቶ ይሆናል አልኳት መዝገብ ያዧን። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ነኝ፣ ደብተሬ። ቀልዱ ከአፌ ይወጣል፣ ውስጤ ግን ባዶ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20
ተገኘ። ባለቤቱ ኢብራሂም አይደለም። አባባ ነው! አባባ ሲሞት እናታችን ቤቱ ውስጥ ነበረች። እሷ ተቀምጣ ውርስ እንካፈል ማለት ውጪልን ከማለት አይለይም። ዝም አልን። እሷም ሞተች። ማን ቀድሞ ያንሳው? ኢብራሂም ከነጃትና ከልጆቿ ጋር ጀጎል ግንብ ውስጥ እዚያው ቤት፣ እኔ ከግንቡ ውጪ ሐኪም ጋራ ተከራይቼ፣ ሁለታችንም እንደተፋፈርን ቀረን።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ 5 ሰዓት
ሸሪዓ ፍ/ቤት። ቃዲው ነጃት ፊት አስረዱን። የአባባ ቤት ግማሹ የእኔ። ኢብራሂም ወንድ ልጅ ስላልተወ ከእሱ ግማሽም እኩሌታው ወደ እኔ ይመለሳል። ከአራት እጅ ሦስቱ። አልደነገጥኩም፣ ደስም አላለኝ። የሌላ ሰው ጉዳይ የምሰማ ነው የመሰለኝ።
እስከ ሸዋ በር፣ እስከ ጀጎል መግቢያ፣ በእግር ሄድን። እዚያ ስንደርስ ከነልጆቿ መቼ እንድትወጣ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ከፍየልሽ ጀምሩ አልኳት። ድሮ ቢሆን በሻሿ ጫፍ ትመታኝ ነበር። «እሺ፣ አጎቴ» ብላ በበሩ ገባች።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ ከሰዓት
ጀጎል ሄድኩ። ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል። ሳህኖቹን፣ ስፌቶቹን አውርዳ በጋዜጣ ጠቅልላለች። ፍየሏም የለችም፤ ድሬ ጠያራ ገጠር ዘመድ ጋ ልካታለች። ወላሂ ቀልዴን ነው አልኳት።
«ባለቤት ሲቀልድ በምን ይታወቃል?» አለችኝ።
ከዚያ ኢብራሂም ይቀመጥበት ወደነበረው ከፍ ያለ መደብ፣ የቤቱ ጌታ ቦታ፣ እጇን ዘረጋች። «እዚህ ይቀመጡ እንጂ።» እኔ ሁልጊዜ ከታችኛው ነኝ፣ እዚያ ሆኜ ነው ሁሉንም የማበሽቀው። ልጆቿ ጥግ ቆመው ያዩኛል። ትልቋን አፍንጫሽን የት ጣልሽው አልኳት። እናቷን ቀና ብላ አየች፣ ይሳቅ አይሳቅ እንደሆነ።
የትም አልተቀመጥኩም። ሻይዋን ቆሜ ጠጣሁ። ስኳር ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

እሁድ፣ ጥር 24፣ ማታ
ወስኛለሁ። ነገ ቃዲው ጋ እሄዳለሁ፣ ድርሻዬን በሙሉ ለነጃት እለቃለሁ። ኢንሻአላህ። ሁለት ምስክር ከሰፈር ይገኛል። ይኼ ቀላሉ ነው።
ግን አስቀድሜ ለራሷ መንገር አለብኝ። ያለ ቀልድ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ቀልድ ያናገርኩት ሰው የለም፣ ኢብራሂምንም ቢሆን። አፌ አልለመደውም። እዚህ ልሞክረው፣ ደብተሬ፤ አንተ አትስቅም።
ነጃት፣ ልጄ፣ ሳህኖቹን መልሰሽ ስቀያቸው። እኔ…