በወይዘሮ ጽጌ ሳር ላይ ስለተነጠፈው ሳር

ለተከበሩ የወረዳችን የሰላም ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ የነሐሴ ብርድ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ በደጅዎ የሚቆሙትን ጥበቃዎችም ሳይነካ እንዲያልፍ እመኛለሁ። እኛ ከሺሮ ሜዳ አናት፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለን ነዋሪዎች፣ ከአንድ ሰው መጉደል በስተቀር ደኅና ነን። የጎደሉትን ሰው ስም በትልቅ ሰሌዳ ላይ አስጽፈውልናልና እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም።

ወይዘሮ ጽጌ ዳና በሐምሌ ወር በሳምባ ሕመም ዐርፈዋል። ከሸማኔ ቤተሰብ ተወልደው፣ ነጠላ እየሸጡ ሰርካለም የምትባል አንዲት ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በነጠላው አልነበረም። በአባቶቻቸው አገር፣ በጋሞ ደጋ፣ ሁለት ወገን ሊፋጅ ሲል ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ነጭተው፣ ሳሩን በእጃቸው ይዘው በመካከል ይንበረከካሉ፤ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አልፎ ለጠብ መሄድ ነውር ነው። ወጉ የወንዶች መሆኑን ወይዘሮ ጽጌ አጥተውት አይደለም። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ቢዘገዩባቸው ራሳቸው ተንበረከኩ፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ተዉ አላሏቸውም። ድንጋይ በጨበጡ ጎረምሶች መካከል ተንበርክከው፣ «ልጆቼ፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ቶሎ ታረቁና አንሱኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሳቀ ሰው ደግሞ ድንጋይ አይወረውርም።

ከዚህ በታች የማቀርባቸው ነጥቦች ያየኋቸውና ከአንድ ሰው በላይ የመሰከረባቸው ብቻ ናቸው። ጥርጣሬዎቼን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

፩. በቀብሩ ዕለት ተወካይዎ ላነበቡልን የሐዘን መግለጫ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መግለጫው ሟቿ «በጽሕፈት ቤታችን የቅርብ ክትትልና ድጋፍ» ለውጤት የበቁ መሆናቸውን ይገልጻል። ክትትሉን በሚመለከት አንዳች የማርመው ነገር የለኝም። ድጋፉን ግን ሰርካለምንም፣ ጎረቤቶቻቸውንም፣ የዕድሩን ዳኛም ጠይቄ የሚያስታውስ ሰው ስላላገኘሁ፣ ምን እንደነበረ ቢገለጽልን ለታሪክ ይጠቅማል።

፪. ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ በአጥር ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞችን ሳር በሚነጩበት ሜዳ ላይ አስቀምጠው ሲያስታርቁ፣ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስበዋል በሚል የጽሕፈት ቤትዎ ጥቆማ ተይዘው ፖሊስ ጣቢያ አድረዋል። በዚያ ዕድሜያቸው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ላሳደሯቸው ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። በዚያችው ሌሊት፣ እዚያው ታስረው በብርድ ልብስ ሲጣሉ የነበሩ ሁለት ሴቶችን አስታርቀው መውጣታቸው በሐዘን መግለጫው ውስጥ አልተጠቀሰም። የሕንፃው ባለቤት መንግሥት እንደመሆኑ፣ ይህ ዕርቅ በእርግጥም በእናንተ ድጋፍ የተገኘ ስለሆነ ቢጨመር ደስ ይለናል። ሳሉ የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሕክምና ባለሙያ ስላልሆንኩ ከዚህ የበለጠ አልልም።

፫. የመታሰቢያ አደባባዩን ስለሠሩበት ፍጥነት አድናቆቴን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ውሃ ወርዶ የሚያጥለቀልቀንን ቱቦ እንዲጠግኑልን ስንለምን ያረጀን ሰዎች፣ አርባቸው ሳይወጣ የተጠናቀቀ ግንባታ በማየታችን ሥራ መሥራት እንደሚቻል ተረድተናል። ወይዘሮ ጽጌ ሳሩን ይነጩበት የነበረው ጨፌ ተቆፍሮ፣ ተደልድሎ፣ ሲሚንቶ ፈስሶበት፣ በሲሚንቶው ላይ የፕላስቲክ ሳር ተነጥፏል፤ ዙሪያውም በብረት ታጥሯል፤ ከአጥሩ ዳር ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ሳሩ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው፤ ውሃ አይፈልግም፤ የሚያጭደው ሠራተኛም አይፈልግም። ስለ እርጥብ ሳር የኖሩ ሰው በእንዲህ ያለ ሳር ሊታሰቡ ይገባል ብሎ የወሰነውን ኮሚቴ አባላት በአካል ባመሰግን እወድ ነበር።

በአርባቸው ዕለት ሰርካለም ከእናቷ ሜዳ አንድ እፍኝ ሳር ነጭታ መቃብራቸው ላይ ልታኖር ማልዳ ወደዚያ ሄዳ ነበር። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ «እህቴ፣ መግባት ክልክል ነው ተብሏል፤ ብትገቢም አይነቀልልሽም፣ በሙጫ ነው የተያዘው» አላት። በብረቱ መካከል እጇን አስገብታ ሞከረች። አልተነቀለም። ወደ መቃብሩ ባዶ እጇን ሄደች።

ለዚህኛው ነጥብም የምስጋና ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ትቼዋለሁ።

፬. ወደ ዋናው ጉዳዬ ልለፍ። በግንቦት ወር የአቶ መሸሻ ልጅ ያዕቆብ፣ ሸማኔው አቶ ፈለቀ በመንገዱ ዳር በዘረጉት ድር ላይ መኪና ነዳ። የሳምንታት ድካም ተበጣጥሶ አቧራ ለበሰ። ያዕቆብ ይቅርታ እንደመጠየቅ ስለ ሸማኔ የሚነገር አንድ አሮጌ ስድብ ተናገረ፤ የአቶ ፈለቀ ልጅ ኪብሮን ደግሞ ድንጋይ ወረወረ። ያዕቆብ ዛሬ በግራ ዓይኑ አያይም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ጎረምሶች ለሁለቱ ልጆች ወግነው በተሰለፉበት በዚያ ማምሻ ማን በመካከል እንደተንበረከከ መናገር አያስፈልገኝም። ጉዳዩ በሕግ መታየቱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ወይዘሮ ጽጌ ሁለቱን አባቶች ከፍልሰታ ጾም በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሳር ላይ ለዕርቅ ለመቀመጥ ቃል አስገቧቸው። ከዚያም ሞቱ።

ቃሉ ግን አልሞተም። አቶ መሸሻም አቶ ፈለቀም የሟች ቃል አናፈርስም ብለው እስከ ዛሬ ልጆቻቸውን ይዘዋል። እስከ መቼ እንደሚይዟቸው አላውቅም። ኪብሮን ታክሲ የሚሳፈረው ሌላ ሰፈር ዞሮ ነው። ያዕቆብ ሲመሽ ከቤት እንዳይወጣ እናቱ በሩ ላይ ትቀመጣለች። የታች ሰፈር ልጆች በሰሌዳው ሥር፣ የላይ ሰፈር ልጆች በማዶው ሱቅ ደጃፍ መሰብሰብ ጀምረዋል፤ በመካከላቸው ያለው አሁን አጥር ብቻ ነው። ሜዳው ለአንድ ቀን ይከፈትልን ዘንድ ላቀረብነው ማመልከቻ የተሰጠን መልስ፣ «የሰላም እናት ለሆኑት ለወይዘሮ ጽጌ ክብር ሲባል በመታሰቢያው ውስጥ ዕርቅም ሆነ ማንኛውም ስብሰባ አይፈቀድም» የሚል ነው። ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር እኔ ራሴ ፈጥሬ ብጽፈው ኖሮ ያጋነንኩ መስሎ ይታይብኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰሌዳው ይቁም፤ ፕላስቲኩም ይቆይ፤ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን የአጥሩ በር ይከፈት። በሩ ባይከፈት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እርጥብ ሳር ከተራራው አስመጥተው ከአጥሩ ውጭ አስፋልቱ ዳር ሊቀመጡ ተስማምተዋል። ያለ ፈቃድ መሆኑን ከወዲሁ አስታውቄያለሁ፤ ለጥቆማ እንዳይደክሙ በማሰብ ነው።

ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ሕያዋንን የማክበር ዕድል ከእነ ሙሉ ጤንነት እንዲገጥምዎ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ትሕትና መሳይ
የአካባቢው ነዋሪ፣ ጉለሌ

ማስታወሻ፦ በሰሌዳው ላይ ያለው የወይዘሮ ጽጌ ፎቶግራፍ በግራ በኩል ተቆርጧል፤ ቆራጩ ጥቂት ስለሳተ ግን ዱላ የጨበጠ አንድ እጅ ቀርቷል። ሙሉው ፎቶግራፍ ሰርካለም ዘንድ ይገኛል። ፎቶግራፉ በተነሣበት ዕለት ወይዘሮ ጽጌ የተንበረከኩት በመንገድ ዳር ነጋዴ ሴቶችና እነርሱን ለማስነሣት እርስዎ ባሰማሯቸው ሰዎች መካከል ነበር። የእጁ ባለቤት ሸፊ ይባላል። ዱላውን ጥሎ እርሳቸውን ደግፎ በማንሳቱ ከሥራ አሰናብተውታል፤ ለቅሶው እስኪያበቃም ከድንኳኑ አልወጣም። እሑድ ሳሩን ይዞ ማን ይንበርከክ ተብለው ሲጠየቁ፣ ሁለቱ አባቶች ሳይመካከሩ የጠሩት የእርሱን ስም ነው።